«ፍቅር» በቻይና ፊደል ቲሸርት ላይ ላትም ነው፣ ልብ ያለውን ነው ወይስ ልብ የሌለውን?

ፒያሳው_አታሚ (ጎንደር)

ሰላም እንዴት ዋላችሁ፣ ቻይንኛ ወይ ጃፓንኛ የሚችል ሰው ካለ እባካችሁ ይድረስልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቲሸርት ማተሚያ አለችኝ፣ አንድ ኮምፒውተር አንድ ፕሪንተር አንድ ሂት ፕሬስ፣ በቃ። ትናንት አንድ ልጅ ከእጮኛው ጋር መጣና ከሰርጉ በፊት ፋሲል ግንብ ገብተው ፎቶ ሊነሱ ስለሆነ ሁለት ነጭ ቲሸርት ጀርባ ላይ «ፍቅር» የሚለውን በቻይና ፊደል አትምልን አለኝ። ምነው በአማርኛ ቢሆን ስለው «በአማርኛማ ሁሉም ያነበዋል» ብሎ ሳቀ። እሽ ብየ ቀብድ ተቀበልኩ።

ማታ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ታደያ ሁለት ፊደል መጣብኝ። አንደኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከላይ አንድ ጋደም ያለች ጭረትና ሦስት ጠብታ፣ ከሥሯ ጣራ የመሰለ ነገር፣ ከጣራው ሥር ደግሞ ሌላ ጠብታ ጠብታ ያለበት፣ ታች እንደ እግር የተንፈራጠጠ። ሁለተኛው ላይኛው ክፍል ያው ሆኖ መሃሉ ወልቋል፣ ታችም ሌላ ነገር ገብቷል። ሁለቱም «ፍቅር» ነው ይላል። እህቴ ደግሞ የኮሪያ ድራማ ሱሰኛ ናት፣ አይታው «ይሄ ምኑም ኮሪያ አይደለም፣ እነሱ ክብ ክብ ነው የሚጽፉት፣ የሚሉትም ሳራንግ ነው» አለችኝ። ኮሪያ ማን አነሳ ብላት ልጁ ራሱ «ቻይና ጃፓን ኮሪያ ያው አንድ ፊደል ነው» ብሎኝ ነበርና ዝም አልኩ።

እንዲህ የምጨነቀው ወድጄ አይደለም። አምና ለአንድ የሰፈር ስፖርት ቡድን የቻይና ፊደል አትሜ ነበር። ትራንስፈር ወረቀት ላይ ስታትም መጀመሪያ ሚረር ካላደረክ ልብሱ ላይ ዞሮ ነው የሚወጣው፣ አማርኛ ቢሆን «ገ» ፊቷን ስታዞር ወዲያው ታየዋለህ፣ ያን ግን በምኔ ልየው፣ 20 ቲሸርት ጨርሸ አንዱን በር ላይ ሰቀልኩት። አንድ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ቻይና ሲያልፍ ቆም አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን አወጣና በሰልፊ ካሜራ አነበበው! ከዛ ሳቀ ሳቀ... አውራ ጣቱን አሳይቶኝ ሄደ። እስካሁን ሳስበው ላብ ላብ ይለኛል።


ዉሃን_ተመላሽ (ማራኪ)

ሃሃሃ ሰልፊው ገደለኝ። አይዞህ ወንድሜ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥቅጥቅ ያለው የጥንቱ ነው፣ 13 ጭረት አለው፤ ታይዋን ሆንግ ኮንግና ማካው ዛሬም እሱን ነው የሚጽፉት፣ ጃፓንም እሱን ይዛለች። ቀለል ያለው 10 ጭረት ነው፣ በፈረንጆቹ 1956 የቻይና መንግሥት ሕዝቡ ቶሎ ማንበብ ይልመድ ብሎ ፊደላት ሲያቀል የመጣ፣ ዋናው ቻይና በሱ ነው የሚጠቀመው፣ ሲንጋፖርና ማሌዥያም እንደዛው።

አሁን ያ መሃሉ ላይ ወለቀ ያልከው ምን መሰለህ? «ልብ» ነው። እውነቴን ነው፣ ሺን ይባላል፣ ልብ ማለት ነው፣ ብቻውንም ይጻፋል። ሲያቀሉት ልቡን አወጡና ታች «ጓደኛ» የሚለውን ፊደል አስገቡበት። ታይዋኖች በዚህ ሲያሾፉ አይጣል ነው፣ «ዘመድ አለ መተያየት የለም፣ ፍቅር አለ ልብ የለም» ይሏቸዋል፤ «ዘመድ» የሚለው ፊደልም ሲቀል «ማየት» የሚለው ክፍሉ ስለወጣበት ነው። የዋናው ምድር ሰዎች ደግሞ «ልቡማ ይታወቃል፣ ጓደኛ ያልሆነ ፍቅረኛ ምን ያደርጋል» ብለው ይመልሳሉ።

አነባበቡ «አይ» ነው፣ ድምፁ ከላይ ወደ ታች ይወድቃል፣ ልክ እኛ አንድን ነገር ቁርጥ አርገን አይ! ስንል እንዳለው። ሆንግ ኮንግ በሚነገረው ካንቶንኛ ላይ «ኦይ» ይሆናል።


ስንቱን_ላሳልፍ

ፍቅር በቻይንኛ «አይ» ነው? እኔ በአማርኛም ስጠይቅ መልሱ እሱ ነበር 😂


አዘዞ_ጋራዥ

ወንድሞች ከርዕስ ከወጣሁ ይቅርታ፣ እኔ ፊደል ማንበብ አይሆንልኝም ግን ይሄን ጥቅጥቅ ያለውን የማውቀው መሰለኝ። የቶዮታ ዕቃ ካርቶን ላይ አይቸዋለሁ። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ዕቃ ከሆነ አድራሻው ላይ አለ፣ ያ ጣራ ያለው ከነጠብጣቡ። ቶዮታ በፍቅር ነው የሚሠራው እንዴ?


ናጎያ_የነበረችው

አዘዞ፣ ዓይንህ ሹል ነው! ልክ ነህ። ቶዮታ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቶዮታ ከተማ ነው፣ ከተማዋ ያለችው ደግሞ አይቺ በሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው፣ ዋና ከተማው ናጎያ፣ እኔ የተማርኩበት። የአይቺ የመጀመሪያ ፊደል ይሄው ፍቅር ነው፣ ሁለተኛው «ማወቅ» ነው። ግን ፍቅርን አውቀው አይደለም፣ ድሮ ቦታው «አዩቺ» ይባል ነበርና ለድምፁ የሚገጥም ቆንጆ ፊደል ሲፈልጉ ይሄን ለጠፉበት። ኤሂሜ የሚባል ሌላ ክፍለ ሀገርም በዚሁ ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ ጎንደር ከተማ ውስጥ ስንት ሃይሩፍ እንዳለ አስቡና በየካርቶኑ ፍቅር እየመጣልን ነው ማለት ነው ሃሃ።

ጃፓን ውስጥ አነባበቡ ያው «አይ» ነው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሁለት ዓመት ስኖር «አይሺቴሩ» ማለትም እወድሃለሁ ሲባል በጆሮዬ የሰማሁት ቲቪ ላይ ብቻ ነው። በጣም ይከብዳቸዋል። ልጅ ልጅቷን ሲጠይቅ «ሱኪ» ነው የሚላት፣ ሱኪ ደግሞ ለሩዝም ለድመትም ይሆናል። ሌላ ደግሞ «ኮይ» የሚባል አለ፣ የራሱ ፊደል ያለው፣ እሱ የናፍቆቱ የመቃጠሉ ፍቅር ነው። አይ ሰፊው ነው፣ የእናትም የሀገርም የሰውም። ለሰርግ ቲሸርት አይ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ የሚገርም ልጨምር፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረ ናኦኤ ካኔትሱጉ የሚባል ሳሙራይ የራስ ቁሩ ግንባር ላይ ይሄን ፊደል በትልቁ አስቀርጾ ነበር፣ ቁሩ ዛሬም ዮኔዛዋ ከተማ አለ። ቱሪስቱ ሁሉ የፍቅር ጀግና ይለዋል፣ ታሪክ አዋቂዎቹ ግን ስሙ በዚህ ፊደል የሚጀምር የሚያመልኩት የጦርነት አምላክ ነበር፣ የሱ ምልክት ነው ይላሉ። ወታደር ግንባሩ ላይ ፍቅር ጽፎ ሊዘምት? አይመስለኝም እኔም።


ድራማ_በሌሊት

የአታሚው እህት እኔ አይደለሁም ግን እህትህ ልክ ናት 😄 ኮሪያዎች ድሮ በቻይና ፊደል ይጽፉ ነበር፣ ከዛ ንጉሥ ሴጆንግ ሕዝቡ ይሄን ሁሉ ፊደል ከየት ይማራል ብሎ የራሳቸውን ሃንጉልን አወጣላቸው፣ በፈረንጆቹ 1446 ነው የታወጀው። እንደኛ ድምፅ በድምፅ ነው የሚጻፈው፣ ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ተጣብቆ አንድ ሳጥን ይሠራል፣ ለኛ ለፊደል ቆጣሪዎች ከቻይንኛው በጣም ይቀላል፣ እኔ በሁለት ሳምንት ነው ማንበብ የቻልኩት፣ ትርጉሙን እንጃ እንጂ።

የቻይናው ፊደል ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ «ኤ» ተብሎ በቃላት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ብሔራዊ መዝሙራቸው «ኤጉክጋ» ነው አይደል? ኤ ፍቅር፣ ጉክ ሀገር፣ ጋ መዝሙር። ፍቅረኛ «ኤኢን» ነው። ማንም ግን እጮኛውን «ኤ» ብሎ እወድሻለሁ አይላትም፣ እሱ ሳራንግ ነው፣ ሳራንግ ደግሞ የራሳቸው ቃል ነው፣ የቻይና ፊደል የለውም። እና ልጁ ኮሪያ ከፈለገ ሁለቱን የሳራንግ ሳጥኖች አትምለት፣ ለማተምም ቀላል ነው።


የበዓታ_ሰፈር

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እኔ ቻይንኛ አላውቅም፣ በልጅነቴ ግን ቅኔ ቤት ጥቂት ቆይቻለሁና ይህን ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። ይህች ኮሪያ ያላችኋት ነገር የኛን የግዕዝና የአማርኛ ነገር ትመስላለች። አፋችን ላይ መውደድ ነው፣ ልጁ ልጅቷን እወድሻለሁ ነው የሚላት። ከፍ ያለ ነገር ስናወራ ግን ፍቅረ ሀገር፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ፍቅረ ቢጽ እንላለን፣ ግዕዙ ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ ይገባል። ታዲያ ቻይንኛ ለነሱ ግዕዛቸው ነው ማለት ነው?

ሌላም ልጠይቅ፣ ይህ ፊደል ጥንት ከሥሩ ትርጉሙ ምን ነበር? ቃል ሁሉ ከመወደዱ በፊት ሌላ ሥራ ነበረው።


ዉሃን_ተመላሽ (ማራኪ)

አባቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከርስዎ ጥያቄ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም፣ አዎ ልክ ግዕዝ ነው። ቬትናምን ብንጨምር ደግሞ ይብስ ይገጥማል። ዛሬ ቬትናሞች በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፣ አፋቸው ላይ ፍቅር «የው» ነው፣ የራሳቸው ቃል። የቻይናው «አይ» ግን በጥምር ቃል ውስጥ አለ። መሪያቸው የነበረው ሆ ቺ ሚን በዚህ ስም ከመጠራቱ በፊት ከፈረንጆቹ 1919 ጀምሮ ራሱን ንጉየን አይ ኩዎክ ብሎ ነበር የሚጠራው፣ አይ ኩዎክ ማለት ሀገር ወዳድ። ቻይንኛው «አይ ግዎ»፣ ጃፓንኛው «አይኮኩ»፣ ኮሪያኛው «ኤጉክ»። አንድ ቃል ነው፣ እርስዎ እንዳሉት ፍቅረ ሀገር።

የጥንቱን ደግሞ ጠየቁኝ። ከ1900 ዓመት በፊት ሹ ሸን የሚባል ሊቅ የፊደላት መዝገብ ሠርቶ ነበር፣ እሱ ይሄን ፊደል «አንድ ዓይነት አካሄድ» ብሎ ነው የፈታው፣ ታች ያለው እግር የመሰለውን አይቶ። የእውነተኛው ፍቅር ፊደል ሌላ ነበር፣ ልብ ያለበት ግን እግር የሌለው፣ ቀስ በቀስ ይሄኛው ቦታውን ወሰደ። ስለዚህ ልብ ወጣ ልብ ገባ እያሉ የሚጣሉት ነገር ውስጡ ሲታይ ረጅም ታሪክ ነው፣ ያው 10 ጭረት ያለው ቅርጽም በ1956 ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ፈጥነው የሚጽፉ ሰዎች ከዛ በፊትም ልቡን ዘለው ያልፉት ነበር።

ከቻይንኛ ትምህርት ሁሉ ግን እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነው። ጥንት ይሄው «አይ» መንፈግ፣ ከእጅ እንዳይወጣ መፈለግ ማለትም ነበር። ሜንሺየስ የሚባለው ፈላስፋ፣ 2300 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ አንድ ንጉሥ አግኝቶ የነገረው ታሪክ አለ። ንጉሡ ከአዳራሹ ተቀምጦ አንድ በሬ ሲነዱ ያያል፣ ወዴት ነው ሲል ደሙን ደወል ልንቀባበት ልናርደው ነው ይሉታል፣ በሬው ሲንቀጠቀጥ አይቶ ልቡ አልቻለም፣ ተውት በበግ ለውጡት አለ። ሕዝቡ ምን አለ መሰላችሁ? ንጉሡ በሬዋን «አይ» አላት። ሰሰተ፣ በሬ ተወድዶበት በግ ሰጠ ማለት ነው። ንጉሡ ደግሞ እኔ እንዲያ አላሰብኩም፣ አሳዘነኝ እንጂ ብሎ ይከራከራል። ክፍል ውስጥ ይሄን ስናነብ ከሌላ ሀገር የመጡት ልጆች ሁሉ እንዴት አንድ ቃል ፍቅርም ንፍገትም ይሆናል ብለው አስተማሪውን አደረቁት።


የበዓታ_ሰፈር

ልጄ፣ አንተስ አልገባህም ነበር? ሳሳ ነዋ! እናት ለልጇ ትሳሳለታለች፣ ስስታም ለእንጀራው ይሳሳል። አንድ ቃል ነው። እናቴ ነፍሷን ይማርና ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩ ላይ «ስስቴ መጣህ» ነበር የምትለኝ። ያ ንጉሥ በሬውን ሳሳለት፣ በሬውን ሰሰተ፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ሕዝቡም አልዋሸ ንጉሡም አልዋሸ። ሰሙ በሬ ወርቁ ልብ፣ ቆንጆ ቅኔ ይወጣዋል።


ዉሃን_ተመላሽ (ማራኪ)

አባቴ ያን ቀን ክፍል ውስጥ እርስዎ ቢኖሩ... እኔ እኮ እጄን አውጥቸ «ገብቶኛል» ብየ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ተሟግቻለሁ፣ ማንም አልሰማኝም። ስስት የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ አምጣ ቢሉኝ ከየት ላምጣ።


ፒያሳው_አታሚ (ጎንደር)

ኧረ እናንተ ሰዎች የት ደረሳችሁ፣ እኔ ሁለት ቲሸርት ነው ያልኩ። ግን ደስ ብሎኛል አባቴ፣ ስስቴ ያሉትን ለእናቴ አነበብኩላት፣ እሷም ሳቀች፣ እኔን ግን አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም 😅

አሁን አዲስ ጣጣ። ልጁ ዛሬ ጠዋት ደወለና ሐሳብ ቀይሬያለሁ፣ የሷ ላይ «ፍቅረኛዬ» የሚል ይሁን አለኝ። ትራንስሌተር ላይ አስገብቼ ሁለት ፊደል ሰጠኝ፣ ፍቅርና ሰው። ያ ፍቅር የሚለው ያው ነው፣ ሁለተኛዋ ሁለት እግር ብቻ ናት፣ ቀላል። ይሆናል?


ናጎያ_የነበረችው

ኧረ በማርያም እሱን እንዳታትም! በጃፓንኛ «አይጂን» ይሆናል፣ አይጂን ማለት ውሽማ ማለት ነው። ሚስት ያለው ሰው በስውር የሚይዛት። ሙሽሪት ፋሲል ግንብ በር ላይ ጀርባዋ ላይ ውሽማ ለብሳ ቆማ አንድ የጃፓን ቱሪስት ቢመጣ አስበኸዋል? እነሱ ደግሞ አይናገሩም፣ ፎቶ አንስተው ነው የሚሄዱት።


ዉሃን_ተመላሽ (ማራኪ)

ቻይና ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ያከራዩኝ የነበሩ 70 ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ የመጀመሪያ ቀን ባለቤታቸውን ሲያስተዋውቁኝ «አይረን» ብለው ነው፣ ሕጋዊ ሚስት ማለት ነው፣ ባልም ይሆናል። ከፈረንጆቹ 1949 በኋላ በጣም የተለመደ አጠራር ነው፣ አሁን ወጣቶቹ ብዙም አይሉትም። ኮሪያ ላይ ድራማ_በሌሊት እንዳለችው ፍቅረኛ፣ በኛ አባባል ከንፈር ወዳጅ። በጥንቱ ቻይንኛ ደግሞ ፈላስፋው ኮንፊሽየስን ደቀ መዝሙሩ ሰብአዊነት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው የመለሰለት በእነዚሁ ሁለት ፊደላት ነው፣ «ሰውን መውደድ»። ሁለት ፊደል፣ እንደ አነበበው ሰው ሚስትም ውሽማም ወዳጅም ትእዛዝም ነው። ተወው፣ አንዷን ብቻ አትም።


ወሬኛ_ከቀበሌ

ጊዜ ተረፋችሁ በእውነት። 520 ብሎ ቁጥር አትሞ አይገላገልም? ቻይኖች ዉ አር ሊንግ ሲሉት እወድሻለሁ ከሚለው «ዎ አይ ኒ» ጋር ይቀራረባል ብለው በ5ኛው ወር 20ኛው ቀን አበባ ይሰጣጣሉ አሉ። ቁጥር ደግሞ ተገልብጦም ይታወቃል።


ድራማ_በሌሊት

ወሬኛ፣ ጎንደር ላይ 520 የለበሰች ሙሽራ የታክሲ መስመር ነው የምትመስለው 😂


ፒያሳው_አታሚ (ጎንደር)

በሉ ጨርሻለሁ። ሁለቱም ከሰዓት መጥተው ነበር፣ ይሄን ሁሉ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ውሽማዋ ላይ ስደርስ ልጅቷ ልጁን አየችው፣ እሱ ወደ ጣራ አየ። ከዛ ልቡ ያለው ይሁን አለች፣ አንዷ ፊደል፣ ለሁለቱም። እሱ ቀለል ያለው ይሻላል ቶሎ ያልቃል ብሎ ሊከራከር ሲል «ልቤን ልታወጣው ነው?» አለችው፣ አለቀ። ታደያ ስትወጣ ዘወር ብላ ምን አለችኝ፣ ደረቱ ላይ በትንሹ በአማርኛ «ስስቴ» ጨምርልን። ሁሉም ያነበዋል ብላችሁ አልነበር ስላት «ያንብቡት» አለች።

በትንሹ ሳትም 13ቱ ጭረት ተጣብቆ ጠቃጠቆ ሆነብኝ፣ ስለዚህ ጀርባውን በሙሉ አርጌ ነው የማትመው፣ አንድ ክንድ ከስንዝር። አሁን የመጨረሻ ጥያቄ፣ በምን አውቃለሁ እንዳልዞረ? ሙከራውን አሮጌ ጨርቅ ላይ አውጥቸ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ።


ዉሃን_ተመላሽ (ማራኪ)

አናቱ ላይ ያለችውን ጋደም ያለች ጭረት እያት። ቀኟ ከፍ ብሎ ግራዋ ዝቅ ማለት አለበት፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምትጻፈው። ታች ያለው እግር ደግሞ የመጨረሻው ጭረት ወደ ቀኝ እየወፈረ ይወርዳል። ያንተ ፎቶ ላይ አናቱ ግራው ነው ከፍ ያለው።


ፒያሳው_አታሚ (ጎንደር)

ዞሯል እያልከኝ ነው?


ናጎያ_የነበረችው

በሰልፊ ካሜራ ካየሁት ቆንጆ ነው 😂 ሚረሩን ተጫንና ድገመው።


ፒያሳው_አታሚ (ጎንደር)

ወይ ጉድ። አሁን ጨርቁ ነው የጠፋው፣ ቲሸርቶቹን ገና አልነካሁም፣ ተመስገን። ፕሬሱ እስኪግል ቡና ልጠጣና እመለሳለሁ።